ጦርነትን በሒሳብ መዝገብ የመረመረው ነጋዴ

ኢቫን ብሎክ በ1836 ዓ.ም. እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር፥ በዚያን ጊዜ በመስኮብ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር በነበረችው በፖላንድ፥ ራዶም በምትባል ከተማ ከድኻ የአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለደ። በወጣትነቱ ወደ ዋርሶ ሄዶ በባንክ ቤት ሠራ፤ ከዚያም በምድር ባቡር ሥራ ገብቶ ታላቅ ባለጸጋ ሆነ። በ1865 የሎጅ ከተማን ፋብሪካዎች ከዋናው ሐዲድ ጋራ ያገናኘውን መሥመር ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ እርሱ ነበር። በ1877 መስኮብና ቱርክ በተዋጉ ጊዜ የመስኮብን ጦር ስንቅ በባቡር በማቅረቡ ሥራ ብርቱ ድርሻ ነበረው። ስለዚህ አንድ ሠራዊት ምን ያህል እህልና መኖ እንደሚፈጅ የተማረው ከጦር ትምህርት ቤት ሳይሆን ከጭነት መዝገብ ነው።

በ1898 ስለ መጪው ጦርነት የጻፈው መጽሐፍ በስድስት ክፍል ታትሞ ወጣ። የነገሩ ፍሬ እንዲህ ነው። ጭስ የሌለው ባሩድና ፈጣን ጠመንጃ ከተገኙ ወዲህ፥ በጉድጓድ ውስጥ የመሸገ ወታደር ሳይታይ ከሩቅ ይገድላል፤ ወደ እርሱ የሚገሠግሠው ግን በሜዳ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ሁለቱም ወገን ምድርን ቆፍሮ ይቀመጣል፤ ጦርነቱም ለዓመታት ይረዝማል። በዚህ መካከል የባሕር ንግድ ይቋረጣል፥ የመንግሥት ዕዳ ይከመራል፥ የዳቦ ዋጋ ይወደዳል፤ በመጨረሻም የተራበው ሕዝብ በገዛ መንግሥቱ ላይ ይነሣል። እንግዲህ በታላላቅ መንግሥታት መካከል የሚደረግ ጦርነት ለአሸናፊውም ጥፋት ስለ ሆነ ከእንግዲህ ወዲህ የማይቻል ነገር ነው ብሎ ደመደመ።

በ1899 ሃያ ስድስት መንግሥታት ስለ ሰላም ለመምከር በሄግ ከተማ በተሰበሰቡ ጊዜ፥ ብሎክ ማንም ሳይሾመው በገንዘቡ ሄዶ ለመልእክተኞቹ ንግግር አደረገ። በዚያው ዓመት በደቡብ አፍሪካ የቦኤር ገበሬዎች በማገርስፎንቴይን ጉድጓድ ቆፍረው የእንግሊዝን ጦር ገቱት። እርሱም ይህን ምስክር ይዞ በ1901 ሎንዶን ወርዶ ለጦር መኰንኖች አስረዳ። ከመኰንኖቹ ብዙዎቹ አልተቀበሉትም። ጦር ሜዳ ያልዋለ የባንክ ሰው ስለ ውጊያ ሲያስተምራቸው መስማቱ ለእነርሱ ቀላል አልነበረም።

በ1902 መጀመሪያ ብሎክ በዋርሶ ሞተ። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ታላቁ ጦርነት ሲነሣ ከስዊስ ወሰን እስከ ሰሜን ባሕር ድረስ ምሽግ ተቆፈረ፤ በ1917ም የመስኮብ ዙፋን የወደቀው በዋና ከተማው ዳቦ የተቸገረው ሕዝብ ካመፀ በኋላ ነው። ሒሳቡ በአብዛኛው ትክክል ነበር። የተሳሳተው መንግሥታትን እንደ ነጋዴ በማየቱ ነው፤ ነጋዴ ኪሳራውን አስቀድሞ ካየ ሱቁን ይዘጋል፥ መንግሥት ግን ግብር ጨምሮና ተበድሮ ይቀጥላል።

በገንዘቡ ያሠራው የጦርነትና የሰላም ቤተ መዘክር በስዊስ አገር በሉትሰርን ከተማ የተከፈተው እርሱ ከሞተ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ከታላቁ ጦርነት በኋላም ተዘጋ።