ሚስ ሲልቪያ ፓንክረስት፤ ዕርዳታ ምጽዋት እንዳይሆን የታገሉ ሴት

ዘንድሮ ታሪካቸውን የምናስነብባችሁ ሰው የሩቅ አገር ተወላጅ ናቸው። አጽማቸው ግን ያረፈው በእኛው አገር፣ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ደጅ፣ ከአርበኞች መካከል ነው። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለኢትዮጵያ በመሟገታቸው ነው። ከዚያ በፊት በአገራቸው በእንግሊዝ ለድሆች እናቶች የታገሉትን ግን እምብዛም አንሰማም። የእድር ሰው ደግሞ ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ሚስ ሲልቪያ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1882 ማንችስተር ከተማ ተወለዱ። (ዓ.ም. ካላልን ዘመኑ የፈረንጆቹ ነው።) አባታቸው የሕግ ሰው ነበሩ። በ1898 ሲሞቱ እናታቸው ወይዘሮ ኤምሊን የልደትና የሞት መዝጋቢ ሆነው ልጆቻቸውን አሳደጉ።

በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር የቸገረው ሰው የሚጠጋበት የድሆች ቤት የሚባል ነበር። የገባ ሰው ከቤተሰቡ ተለይቶ፣ ጉልበቱን እየከፈለ ይበላል። የሚቀብረው ያጣም በመንግሥት ወጪ የድሃ ቀብር ይቀበራል። ይህን ውርደት የፈራ ሠራተኛ በየሳምንቱ ሳንቲም እያዋጣ የቀብር ማኅበር ያቋቁም ነበር። እንግዲህ እድር የእኛ ብቻ አልነበረም ማለት ነው!

መንግሥትም ቀስ በቀስ እጁን አስገባ። በ1908 በወጣ ሕግ 70 ዓመት የሞላው ችግረኛ በሳምንት 5 ሽልንግ ጡረታ ተቆረጠለት። በ1911 ሠራተኛው፣ አሠሪውና መንግሥት ሦስቱም የሚያዋጡበት የመድን ሕግ ወጣ። ደሞዝ የሌላት የቤት እመቤት ግን ከዚህ ብዙም አልደረሳት።

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ለዘማች ሚስቶች የተቆረጠው አበል እየዘገየ ልጆች ተራቡ። ይባስ ብሎ ፖሊስ የሴቶቹን ጠባይ እንዲከታተልና አይገባትም የተባለችው አበሏ እንዲቋረጥ መመሪያ ወጣ። ሚስ ሲልቪያ ያን ጊዜ የሚኖሩት በምሥራቅ ለንደን ከድሆች ጋር ነበር። ደብዳቤ እየጻፉ፣ የባለሥልጣን ደጅ እየጠኑ ተሟገቱላቸው። ለአዋቂ 2 ፔኒ፣ ለልጅ 1 ፔኒ የሚከፈልበት፣ የሌለውም በነፃ የሚበላበት ምግብ ቤት ከፈቱ። የምጽዋት ስም እንዳይወጣለት ብለው የዋጋው ልክ ምግብ ቤት አሉት። መጠጥ ቤት የነበረን ቤትም ተረክበው የእናቶች ክሊኒክና የሕፃናት መዋያ አደረጉት። በ1927 እሳቸውም ወለዱ። በ1930 ባሳተሙት መጽሐፍ መንግሥት ለወላድ ሁሉ በነፃ ሕክምና እንዲሰጥ ጠየቁ።

ከእኛ በስተሰሜን፣ ማይጨው ላይ ሠራዊታችን በተመታ በወሩ፣ ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ሚስ ሲልቪያ ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ ለንደን ላይ ጀመሩ። ሃያ ዓመት ሳያቋርጡ አሳተሙት። ልዕልት ፀሐይ በ1934 ዓ.ም. ለቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት ሲያርፉ፣ በስማቸው ለሚሠራው ሆስፒታል ገንዘብ አሰባሰቡ። በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የተባለው ይኸው ነው።

በዚሁ ጊዜ እንግሊዝ አገር ቤቨሪጅ የተባሉ ምሁር በ1942 ባቀረቡት ጥናት ሕጉ ተለወጠ። ከ1946 ጀምሮ ከመጀመሪያው ልጅ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ በሳምንት 5 ሽልንግ ለእናትየዋ በእጇ ይሰጣት ጀመር። በ1949 ደግሞ መድን ለከፈለ ሰው የቀብር ማስፈጸሚያ 20 ፓውንድ ተፈቀደ። ይህ ሁሉ የሚስ ሲልቪያ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ብዙዎች ደክመውበታል።

እሳቸው በ1956 ልጃቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። በ1953 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት አረፉ። ቀብራቸው በመንግሥት ደረጃ ተፈጸመ፤ ወለተ ክርስቶስም ተባሉ።

ያ የቀብር ገንዘብስ ምን ሆነ? በ1967 30 ፓውንድ ደረሰና እዚያው ቆመ። ገበያው ሲወጣ እሱ ባለበት ቀረ፣ ዋጋ አጣ። በ1987 ጭራሹን ተሻረ። ከዚያ ወዲህ ድሃ መሆኑን አስረድቶ ያመለከተ ብቻ የሚረዳበት ሥርዓት ተተካ። የሁሉም መብት የነበረው ተመልሶ ምርመራ ሆነ።

እኛም ከዚህ ሁለት ነገር ይዘን ለጠቅላላ ጉባኤው እናቀርባለን። አንደኛ፣ የምንከፍለው ገንዘብ ከአቡጀዲውና ከማሽላው ዋጋ ጋር በየዓመቱ ይታይ፤ አለዚያ ስሙ ብቻ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ሟች ውዝፍ ቢኖርበት ጉዳዩ ከሐዘኑ በኋላ ከዳኛውና ከጸሐፊው ጋር ይታይ እንጂ ድንኳን ውስጥ፣ በለቀስተኛ ፊት አይነሣ። ገንዘቡም በዕለቱ፣ በባለቤቲቱ እጅ ይግባ። ባሏ ሲያዋጣ የኖረው ለዚያች ቀን ነውና።