የመምህር ውልና ደመወዝ፤ የላፍካዲዮ ሄርን ታሪክ

ቋንቋውን ለባዕድ ሕዝብ ሊያስተምር ከአገሩ የወጣ ሰው፥ ከዕውቀቱና ከውሉ በቀር መከታ የለውም። የላፍካዲዮ ሄርን ታሪክ ይህንን ያስረዳል።

ሄርን እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1850 ዓ.ም. ከአየርላንዳዊ አባትና ከግሪካዊት እናት በሌፍካዳ ደሴት ተወለደ። በጕልምስናው መባቻ አንድ ዓይኑ ጠፋ። በአሜሪካ ብዙ ዘመን በጋዜጣ ጸሐፊነት ከሠራ በኋላ፥ በ1890 ወደ ጃፓን ተሻግሮ በማትሱዬ ከተማ በወር 100 የን እየተከፈለው እንግሊዝኛ አስተማረ፤ በዚያም ኮይዙሚ ሴትሱ የተባለችውን ሴት አገባ።

በዚያን ጊዜ የውጭ አገር መምህር ደመወዝ ከአገሬው መምህር እጅግ ይበልጥ ነበር። ሄርን ግን ሀብቱ ለሚስቱና ለልጆቹ እንዲጸናላቸው ብሎ፥ በ1896 የጃፓን ዜግነት ተቀብሎ ኮይዙሚ ያኩሞ ተባለ። በዚያው ዓመት በቶኪዮ ንጉሠ ነገሥት ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ መምህር ሲሆን፥ ዜጋ ቢሆንም የውጭ ሰው ደመወዝ፥ በወር 400 የን፥ ተፈቀደለት።

በ1903 ግን ውሉ እንደማይታደስ በደብዳቤ ብቻ ተነገረው። ተማሪዎቹ አጥብቀው ተቃወሙ፤ ዩኒቨርሲቲውም የማስተማሪያውን ሰዓትና ደመወዙን ቀንሶ ሊያቆየው ቢጠይቀው፥ እምቢ ብሎ ለቀቀ። ከተተኩት መምህራን አንዱ በእንግሊዝ አገር የተማረው ናትሱሜ ሶሴኪ ነበረ። ሄርንም በ1904 በዋሴዳ ማስተማር ጀምሮ፥ በዚያው ዓመት በ54 ዓመቱ ዐረፈ።

መንግሥት የመምህርነትን ወንበር ለገዛ ልጆቹ መስጠቱ የተገባ ነው። ነገር ግን ያገለገለ መምህር የሚሰናበትበትን ሥርዓት ውሉ አስቀድሞ ሊወስነው፥ ደመወዙም በትውልዱ ሳይሆን በሥራው ሊመዘን ይገባል።