ሞሪዝ ካፖሲ

ሞሪዝ ካፖሲ (ኦክቶበር 23 ቀን 1837 – ማርች 6 ቀን 1902 እ.ኤ.አ.) በሀንጋሪ ተወልዶ በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና የሠራ የቆዳ ሐኪም ነበር። ዛሬ ስሙ በብዛት የሚነሳው «ካፖሲ ሳርኮማ» ከተባለው ካንሰር ጋር ነው። ይህ በሽታ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው በእግር ላይ ነው።

ሕይወቱ

የተወለደው ካፖሽቫር በተባለች ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ሲሆን፣ የትውልድ ስሙ ሞሪዝ ኮን ነበር። በቪየና ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ በ1861 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። ከዚያም ወደ ፈርዲናንድ ፎን ሄብራ የቆዳ ክፍል ገባ። ሄብራ በዘመኑ ስመ ጥር ነበር። እከክ የሚመጣው ከደም መበላሸት ሳይሆን ቆዳን ከምትቦረቡር ጥቃቅን ተባይ መሆኑን፣ ተባዩን በራሱ ገላ ላይ ጭምር አኑሮ ያሳየ ሰው ነው። ካፖሲም ከእርሱ የተማረው ይህንኑ ነው፤ ከመገመት በፊት ቆዳውን ደጋግሞ ማየት።

በ1869 የሄብራን ልጅ ማርታን አገባ፤ ሃይማኖቱንም ወደ ካቶሊክ ለወጠ። በ1871 ደግሞ የቤተሰብ ስሙን ከትውልድ ከተማው ስም ወስዶ ካፖሲ አለው። ይህን ያደረገው የአማቱን ወንበር ለመውረስ ነው ብለው ያሙት ነበሩ። እርሱ ግን በፋካልቲው ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሐኪሞች ስለበዙ እንደሆነ ገልጿል። ሐሜቱ ምንም ይሁን፣ ስሙን ከለወጠ በኋላ ያወጣቸው ሥራዎች ለቦታው ያበቁት ነበር። ሄብራ በ1880 ሲሞት የቆዳ ክፍሉን ኃላፊነት የተረከበው ካፖሲ ነው።

አምስቱ ሕመምተኞች

በ1872 ካፖሲ ስለ አምስት ሕመምተኞች ጽሑፍ አሳተመ። ሁሉም በዕድሜ የገፉ ወንዶች ነበሩ። በውስጥ እግራቸውና በእግራቸው የላይኛው ክፍል ላይ ቡናማ ቀይ ወይም ሰማያዊ ቀይ እብጠቶች ወጡ፤ አንዳንዶቹ አተር የሚያህሉ ነበሩ። ቆይቶ እጃቸው ላይም ታየ፤ እግራቸውም አብጦ ደነደነ። ከሞቱት የአንዱ አስከሬን ሲመረመር ተመሳሳይ እብጠት በሳንባና በአንጀት ውስጥ ተገኘ። ስለዚህ በሽታው የቆዳ ብቻ እንዳልሆነ ካፖሲ ተረዳ።

ሁሉን በትክክል አላየም። ቀለሙ ከቆዳ ቀለም የመጣ መስሎት ነበር፤ በኋላ ግን ከደም መፍሰስ መሆኑን ተቀብሎ የበሽታውን ስያሜ ራሱ አስተካክሏል። ሕመምተኛውንም በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚገድል በሽታ ነው ብሎ አስቦ ነበር፤ በአረጋውያን ላይ የሚታየው ዓይነት ግን ብዙ ጊዜ በዝግታ ለረጅም ዓመታት የሚቆይ ነው። በስሙ እንዲጠራ የተደረገው በ1891 ነው።

ምልክቱን መለየት

ካፖሲ የገለጸው መልክ በነጭ ቆዳ ላይ ያየውን ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ጠቃጠቆው ጥቁር ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ ሊሆን ስለሚችል በቀላሉ ያመልጣል። ብዙውን ጊዜ አያምም፣ አያሳክክም። በምት የጠቆረ ቆዳ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፤ ይህ ግን ይቆያል፣ ይበዛል፣ አንዳንዴም ወደ እብጠት ይለወጣል። እግር ሲያብጥ ደግሞ ዝሆኔ ሊመስል ይችላል። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የሚታየው ዝሆኔ በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ሲሆን፣ እነዚህ ጠቃጠቆዎች የሉበትም። ያም ሆኖ በዓይን ብቻ መወሰን ስለማይቻል ከቆዳው ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

ሌሎች ሥራዎቹ

ሉፐስ ኤሪቴማቶሰስ ከቆዳ አልፎ መላ ሰውነትን እንደሚጎዳ አመልክቷል። ቆዳን ለፀሐይ ብርሃን እጅግ ስስ የሚያደርገውን ዜሮደርማ ፒግሜንቶሱም የተባለ በዘር የሚተላለፍ በሽታም የገለጸ እርሱ ነው። የቆዳ በሽታዎች መማሪያ መጽሐፉ በ1880 ታተመ።

ከሞቱ በኋላ

ካፖሲ በቪየና በ64 ዓመቱ ሞተ። በሽታው ለብዙ ዓመታት በአውሮፓ ሐኪሞች ዘንድ ብርቅ ሆኖ ቆየ። በ1981 ግን በኒው ዮርክና በካሊፎርኒያ በወጣት ወንዶች ላይ በብዛት ታየ፤ ይህም ኤድስ እንዲታወቅ ካደረጉት የመጀመሪያ ምልክቶች አንዱ ሆነ። ካፖሲ ያላወቀውን መንስኤ በ1994 ዩዋን ቻንግና ፓትሪክ ሙር አገኙት፤ ከሄርፒስ ወገን የሆነ ቫይረስ ነው። ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ባለባቸው ሰዎች ላይ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ሲጀመር ጠቃጠቆው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ በአንዳንዶቹ ላይም ሙሉ በሙሉ ይጠፋል።