የተፈራው ንጉሥ፤ ዐፄ ልብነ ድንግል ከሽምብራ ኩሬ በፊትና በኋላ

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ ሞጆ የሚጓዝ ሰው በግራም በቀኝም የሚያየው ሰፊ ሜዳ ነው። ዛሬ በዚያ አገር ወደ ደረቅ ወደቡ የሚገቡ ከባድ መኪናዎች ተሰልፈው ይታያሉ፤ ገበሬውም እንደ ቀድሞው ጤፉንና ሽምብራውን ይዘራል። እኛም ለአገልግሎት በዚህ መንገድ በተመላለስን ቁጥር ከሐሳባችን የማይጠፋው፥ በ1521 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ከዚህ ብዙ በማይርቅ ስፍራ በሽምብራ ኩሬ የሆነው ነገር ነው። በዚያ ቀን አገር ሁሉ ይፈራው የነበረ ንጉሥ ድል ተነሣ፤ ፍርሀቱም ከሰው ልብ ለቀቀ። ስለዚህ የዐፄ ልብነ ድንግልን ታሪክ ለካህናትና ለምእመናን በአጭሩ ልንጽፍ ወደድን።

ልብነ ድንግል የዐፄ ናዖድ ልጅ ነው። አባቱ በ1500 ዓ.ም. ባረፈ ጊዜ ዕድሜው ገና 12 ዓመት ገደማ ስለ ነበረ፥ የመንግሥቱን ሥራ በሞግዚትነት የመራችለት የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት የነበረችው ንግሥት እሌኒ ናት። እርስዋም የሐድያ ገዥ ልጅ ስትሆን የጎረቤቶችዋን ጠባይ የምታውቅ፥ ከጦር ይልቅ ንግድንና ስምምነትን የምትመርጥ አስተዋይ ሴት ነበረች። ይሁን እንጂ የቱርክ ኃይል በቀይ ባሕር እየበረታ መሄዱን አይታ፥ ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላከችው።

ወጣቱ ንጉሥ ግን በ1509 ዓ.ም. የዘይላውን ገዥ ማሕፉዝን ድል አደረገ። ማሕፉዝ ሕዝቡ በጾም በደከመበት ወራት፥ በዐቢይ ጾም እየመጣ አገር የሚዘርፍ ስለ ነበረ፥ በሞቱ ታላቅ ደስታ ሆነ። ከዚህም ድል በኋላ ንጉሡ የሚፈራው ጠላት በውጭ የቀረ አልመሰለውም። የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1512 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ሲገቡም፥ እሌኒ በብዙ አሳብ የጀመረችውን ወዳጅነት እርሱ በቀዝቃዛ ልብ ተቀበለው፤ መልእክተኞቹም 6 ዓመት ያህል በአገራችን ቆዩ። እርስዋም በ1514 ዓ.ም. አረፈች።

ከመልእክተኞቹ ጋር የመጣው ቄስ አልቫሬዝ ያየውን ጽፎ ትቶልናል። ንጉሡ በቀላሉ አይታይም ነበር። ቃሉ በመልእክተኞች አፍ ይመጣል፤ መልሱም በመልእክተኞች አፍ ይሄዳል። ከብዙ ቀን ጥበቃ በኋላ እንግዶቹ ፊት ለፊት ባዩት ጊዜ፥ የወርቅና የብር ዘውድ ደፍቶ፥ ከአፉ ላይ ሰማያዊ ሐር ተጋርዶለት፥ የ23 ዓመት ገደማ ጐልማሳ ሆኖ አገኙት። ወደ ሰፈር የተጠራ መኰንንም ይመለስ አይመለስ አያውቅምና ሚስቱንና ልጆቹን ገንዘቡንም ሁሉ ይዞ ይመጣ ነበር። ንጉሡ እስኪታረቀው ድረስ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ሆኖ ደጅ ይጠናል፤ ልብስ ለብሶ ሲታይ ያን ጊዜ ምሕረት ማግኘቱ ይታወቅለታል። ሹመቱም ቶሎ ቶሎ ይለወጥ ነበር፤ ሹሙ በአገሩ ሥር እንዳይሰድ ተብሎ ነው።

እንግዲህ ይህን ያህል የተፈራው ሰው ራሱ ምን ይፈራ ነበር? የገዛ ወንድሞቹንና የዘመዶቹን ልጆች ይፈራ ነበር። የነገሥታቱ ዘር በአምባ ግሼን ላይ ተዘግቶ፥ በዘበኞች ተከቦ ይኖር ነበር፤ ይህን ሥርዐት ልብነ ድንግል ከአባቶቹ ወረሰው እንጂ አላወጣውም። ነገር ግን አጠበቀው። ከአምባው የልዑላንን ደብዳቤ አውጥቷል የተባለ አንድ መነኩሴና ዘበኞቹ አንድ ቀን እያለፈ ሲገረፉ አልቫሬዝ በዓይኑ አይቷል። እኛ ካህናት ይህን ስናነብ እንደ ሌላ ሰው አንብበን ልናልፍ አይገባንም። በዚያ ሰፈር የአብያተ ክርስቲያናቱ ድንኳኖች ከንጉሡ ድንኳን አጠገብ የተተከሉ ነበሩ፤ የጅራፉ ድምፅ ከማሕሌቱ ድምፅ እምብዛም የራቀ አልነበረም ማለት ነው።

ሽማግሌዎች ደግሞ የሚናገሩት አንድ ታሪክ አለ። ንጉሡ የሚዋጋው ጠላት አጥቶ፥ እግዚአብሔር ጦር ያወርድለት ዘንድ ምድርን በጅራፍ ገረፈ ይላሉ። ይህ በእርግጥ መሆን አለመሆኑ አያከራክረን፤ ሕዝብ ስለ ገዥው እንዲህ ያለ ነገር ሲያወራ፥ በጅራፉ የተገረፈው ምድር ብቻ አለመሆኑን በዘዴ መናገሩ ነው።

ጦሩም ወረደ። የአዳል ኢማም አሕመድ፥ በተለምዶ ግራኝ የምንለው፥ ከማሕፉዝ ልጅ ከድል ወንበራ ጋር ተጋብቶ ነበርና የአማቱን ደም የሚመልስ ጐልማሳ ሆኖ ተነሣ። የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ እንደሚለው በሽምብራ ኩሬ የንጉሡ ሠራዊት 16,000 ፈረሰኛና ከ200,000 የሚበልጥ እግረኛ ሲሆን፥ የኢማሙ 560 ፈረሰኛና 12,000 እግረኛ ነበር። ጸሐፊው የአሸናፊው ወገን ስለ ሆነ ቍጥሩን አብዝቶት ይሆናል፤ የንጉሡ ሠራዊት እጅግ የበለጠ መሆኑን ግን የሚክድ የለም። ያ ሁሉ ሠራዊት ተሸነፈ። ኢማሙም ወታደሮቹ ምርኮ ይዘው ስለ ተበተኑበት ወደ አገሩ ተመለሰና ሁለት ዓመት ዐረፈ።

እኛ ከሁሉ የሚያሳዝነን በእነዚያ ሁለት ዓመታት የባከነው ዕድል ነው። ኢማሙ በ1523 ዓ.ም. ተመልሶ በአንጾኪያ በመድፍ ድል ካደረገ በኋላ፥ ትናንት በንጉሡ ደጅ ራቁታቸውን የቆሙ ብዙ መኳንንት ወደ እርሱ ገቡ፤ አገሩን መንገድ እየመሩም አስያዙት። በፍርሀት የታሰረ ሰው፥ የሚፈራው ሲወድቅ ሌላ ምን የሚይዘው ገመድ ይኖረዋል? በዚያው ዓመት ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ። በተከታዩ ዓመት አባቱ ናዖድ ጀምሮት እርሱ በወርቅ የፈጸመው መካነ ሥላሴ ተዘርፎ ተቃጠለ። በ1527 ዓ.ም. አክሱም ደረሰባት።

በዚያ ዘመን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ወደ ዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ተሻግረው መሸሸጋቸው ይነገራል። የደሴቶቹ ሰዎች ዛዮች፥ በዙሪያቸው ያለው አገር ሲለዋወጥ፥ እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ድረስ ሃይማኖታቸውንና መጻሕፍታቸውን ጠብቀው ኖሩ። በቱሉ ጉዶ በደብረ ጽዮን ያ አደራ ሲጠበቅ፥ ዘበኛም ጅራፍም የቆመበት አልነበረም።

ንጉሡ ከተራራ ወደ ተራራ ሲሸሽ ኖረ። በ1527 ዓ.ም. ቀድሞ ችላ ወዳላቸው ወደ ፖርቱጋሎች በጆን ቤርሙዴዝ እጅ የርዳታ ልመና ላከ። በ1531 ዓ.ም. የበኵር ልጁ ፊቅጦር በጦርነት ሞተ፤ ሌላው ልጁ ሚናስ ተማረከ። ቀጥሎም ልዑላኑ የተዘጉበት አምባ ግሼን በኢማሙ ሠራዊት እጅ ወደቀ፤ ንጉሡ ይፈራቸው የነበሩት ዘመዶቹም በዚያው ተገደሉ። ይህ ሁሉ ከደረሰበት በኋላም ልብነ ድንግል ሃይማኖቱን ለዙፋኑ አልሸጠም፤ ይህን ሳንመሰክርለት ብናልፍ በደል ይሆንብናል።

በ1533 ዓ.ም. በመስከረም ወር፥ በገመድ ካልሆነ በማይወጣበት በደብረ ዳሞ አምባ ላይ ዐርፎ በዚያው ተቀበረ። በአልጋው የተተካው ልጁ ገላውዴዎስ በእጁ የነበረው ሰው ጥቂት ነበረ፤ ሆኖም ከኢማሙ ጋር ገብተው የነበሩትን ሲመለሱ በምሕረት ይቀበላቸው ነበር። መበለቲቱ ሰብለ ወንጌል ግን እዚያው ደብረ ዳሞ ተቀምጣ ቆየች፤ ባልዋ የለመነው የፖርቱጋል ጦር 400 ሰው ሆኖ በ1533 ዓ.ም. ምጽዋ ከደረሰ በኋላም፥ ከአምባው በገመድ ወርዳ ተቀበለቻቸው።