የጄምስ ማዲሰን አጭር የሕይወት ታሪክ

ለመጽሔታችን የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ ጻፉ በተባልን ጊዜ ብዙዎቹ ጓደኞቼ የጦር ጀግና መረጡ። እኔ ግን ቁመቱ አጭር፥ ድምፁ ቀጭን፥ ጤናው ደካማ የነበረውን ጄምስ ማዲሰንን መረጥሁ። ምክንያቱንም አልደብቅም። በክርክር ክበባችን ለመናገር በተነሣሁ ቁጥር ከኋላ የተቀመጡት አይሰማም እያሉ ያቋርጡኛል። ስለዚህ ድምፁ የማይሰማ ሰው እንዴት አድርጎ የአሜሪካን ሕግ ለመሥራት እንደ በቃ ለማወቅ ጓጓሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍሁት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ማዲሰን በ1751 ዓ.ም. በቨርጂኒያ ተወለደ። ከ12 ልጆች የበኵር ልጅ ነበረ። አባቱ ሰፊ እርሻ ያለው ባለጸጋ ሲሆን፥ እርሻውን የሚያለሙት በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ፤ ወደዚህ ነገር ኋላ እመለስበታለሁ። ልጁ ዛሬ ፕሪንስተን በሚባለው ኮሌጅ ትምህርቱን በ2 ዓመት ጨርሶ በ1771 ተመረቀ። ነገር ግን ጤናው ስለ ታወከ ረጅም ዕድሜ አልኖርም ብሎ ያምን ነበር። የኖረው ግን 85 ዓመት ነው።

አሜሪካኖች ከእንግሊዝ በተላቀቁ ጊዜ 13ቱ ግዛቶች በ1781 በጸደቀ ውል ተሳስረው ነበር። በዚያ ውል የቆመው ኮንግሬስ አንድ ምክር ቤት ብቻ ነበረ፤ ግብር ለመጣል ሥልጣን አልነበረውም፤ ውሉንም ለማሻሻል የ13ቱም ግዛቶች ስምምነት ያስፈልግ ነበር። የጦርነቱን ዕዳ ለመክፈል ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ቀረጥ ይጣል ተብሎ ቢጠየቅ፥ ሮድ አይላንድ የምትባለው ትንሽ ግዛት እምቢ አለችና ነገሩ ፈረሰ። የኮንግሬስ አባል የነበረው ማዲሰን ይህን በዓይኑ አየ። ከዚያ በኋላ ወዳጁ ቶማስ ጄፈርሰን ከፓሪስ መጻሕፍት እየገዛ ይልክለት ጀመር፤ እርሱም ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ ተባብረው የኖሩ አገሮች በምን እንደ ጸኑና በምን እንደ ፈረሱ እያነበበ ማስታወሻ ይይዝ ነበር።

በ1787 የግዛቶቹ መልእክተኞች በፊላዴልፊያ ሲሰበሰቡ፥ ለውይይቱ መነሻ የሆነው ዕቅድ በአብዛኛው ከማዲሰን አሳብ የመጣ ነበር። የሕግ አውጪው ክፍል ሁለት ምክር ቤት ይሁን፤ በሁለቱም ውስጥ የግዛቶች ድርሻ በሕዝብ ብዛት ይወሰን፤ ኮንግሬሱም የግዛቶችን ሕግ ለመሻር ሥልጣን ይኑረው የሚል ነበር። ትንንሾቹ ግዛቶች ግን ተቈጡ። ክርክሩ ጉባኤውን ሊበትነው ከደረሰ በኋላ፥ ሐምሌ 16 ቀን በአንድ ድምፅ ብልጫ ብቻ፥ በእንደራሴዎች ምክር ቤት በሕዝብ ብዛት፥ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ማለት በሴኔት ግን በእኩልነት ይሁን ተባለ። ማዲሰን ተሸነፈ። የግዛቶችን ሕግ የመሻሩም አሳብ ወደቀበት። እኔ ብሆን ኖሮ አኵርፌ ወደ ቤቴ የምሄድ ይመስለኛል። እርሱ ግን በየቀኑ ከፊት ተቀምጦ የተናጋሪውን ሁሉ ቃል፥ የተቃዋሚዎቹንም ጭምር፥ ይጽፍ ነበር።

በዚያ በተወሰነው መሠረት አንድ ረቂቅ ሕግ እንዲሆን ሁለቱም ምክር ቤቶች በአንድ ዐይነት ቃል ሊያጸድቁት፥ ፕሬዚዳንቱም ሊፈርምበት ይገባል። ፕሬዚዳንቱ ቢመልሰው በእያንዳንዱ ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካገኘ ያለ ፊርማው ይጸናል። ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል ግን የሁለቱ ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ አይበቃም፤ ከግዛቶቹ ሦስት አራተኛው መቀበል አለባቸው። ማሻሻያውን ለማቅረብ ግዛቶች ጉባኤ የሚያስጠሩበትም ሌላ መንገድ አለ። የሚያስገርመኝ ግን ይህ ነው፤ ማንኛይቱም ግዛት ሳትፈቅድ በሴኔት ያላት እኩል ድምፅ አይነካም ተብሎ ተጻፈ። እንግዲህ ማዲሰን የተሸነፈበት ነገር ከሁሉ ይልቅ ለመለወጥ አስቸጋሪ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። (በእኛም አገር በ1995 ሥራ ላይ በዋለው ሕገ መንግሥት፥ በምዕራፍ ሦስት የተጻፉት መብቶች የሚሻሻሉት የክልል ምክር ቤቶች ሁሉ ሲስማሙ ጭምር ነው።)

ብዙ ሰዎች ይህ ሕገ መንግሥት የዜጎችን መብት ዘርዝሮ አልጻፈም ብለው ነቀፉት። ማዲሰን በመጀመሪያ አልተቀበላቸውም፤ በወረቀት የተጻፈ መብት የተቈጣን ብዙ ሕዝብ አያግድም ይል ነበርና። ነገር ግን ጄፈርሰን በደብዳቤ ሞገተው፤ በ1789ም ለእንደራሴነት ከጄምስ ሞንሮ ጋር ሲወዳደር ለመራጮቹ ማሻሻያ ለማቅረብ ቃል ገብቶ በ336 ድምፅ ብልጫ አሸነፈ። በምክር ቤቱም ቃሉን ጠበቀ። ጓደኞቹ የቀረጥ ሕግ ይቀድማል እያሉ ቢያዘገዩትም ሰኔ 8 ቀን ተነሥቶ አቀረበው። እንደራሴዎቹ 17 ማሻሻያ አሳለፉ፤ ሴኔት ወደ 12 አወረደው። ማዲሰን ከሁሉ ይበልጣል ያለው፥ ግዛቶችም ራሳቸው የሕሊናንና የጋዜጣን ነጻነት እንዳይጥሱ የሚያዘው፥ በሴኔት ወጥቶ ተጣለ። ከ12ቱ 10ሩ በ1791 ጸደቁ። በክበባችን አሳቡን የለወጠ ሰው ይሣቅበታል፤ እኔም ከሣቁት አንዱ ነበርሁ።

ከ1809 እስከ 1817 ፕሬዚዳንት ሆነ። በዘመኑ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ተነሥቶ ዋሽንግተን በ1814 ተቃጠለች። ሥልጣኑን ሊለቅ አንድ ቀን ሲቀረው ለመንገድና ለመጓጓዣ ቦይ ሥራ ገንዘብ የሚመድብ ረቂቅ ቀረበለት። ማዲሰን መንገዱን የሚጠላ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ ለኮንግሬስ ይህን ሥልጣን አልሰጠም ብሎ ሳይፈርም መለሰው፤ የሚፈለግ ከሆነ በማሻሻያ መንገድ ይምጣ የሚል ነበር።

አሁን ወደ ባሮቹ ነገር ልመለስ። ማዲሰን ባርነት ክፉ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ይጽፍም ነበር። ሆኖም ከመቶ በላይ ሰዎች በእርሻው በባርነት ይኖሩ ነበር፤ በኑዛዜውም እንኳ ነጻ አላወጣቸውም። ይህን አንብቤ መጽሐፉን ዘግቼ አሳቤን ለመለወጥ ሁለት ቀን አመነታሁ። ስለ መብት ያን ያህል የደከመ ሰው ይህን እንዴት አላደረገም? መልስ አላገኘሁለትም። ባርነትን የሻረው 13ኛው ማሻሻያ የጸደቀው በ1865፥ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው።

ማዲሰን በ1836 በሞንትፔሊየር ቤቱ ዐረፈ። ከ12ቱ ማሻሻያዎቹ ግን አንዱ፥ እንደራሴዎች ለራሳቸው የጨመሩት ደመወዝ ከሚቀጥለው ምርጫ በፊት እንዳይሠራ የሚከለክለው፥ ቀን ገደብ ስላልተጻፈበት ሳይጸድቅም ሳይሞትም ተቀምጦ ነበር። በ1982 አንድ የቴክሳስ ተማሪ ይህ ማሻሻያ ዛሬም ሊጸድቅ ይችላል ብሎ የክፍል ጽሑፍ ቢያቀርብ ሲ ተሰጠው። ተማሪው ግን ለየግዛቱ ምክር ቤቶች ደብዳቤ መጻፉን አልተወም። በ1992፥ ከ202 ዓመት በላይ ቈይቶ፥ ማሻሻያው ጸደቀ። ማርኩም በ2017 ወደ ኤ ተለወጠለት።