ዘግይተው የተማሩት ዶክተር ኤድዋርዶ ሞንድላኔ

በየዓመቱ ከክፍል ጓደኞቻቸው በሦስትና በአራት ዓመት የሚበልጡ ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤታችን ይመጣሉ። ስደት ትምህርታቸውን ያቋረጠባቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ የሚሸማቀቁ፣ ጊዜዬ አልፏል ብለው ሥራ ፍለጋ የሚወጡም አሉ። የሞዛምቢኩ የነጻነት መሪ የዶክተር ኤድዋርዶ ሞንድላኔ ታሪክ በተለይ ለእነሱና ለወላጆቻቸው ይጠቅማል።

ሞንድላኔ እ.ኤ.አ. በ1920 በደቡብ ሞዛምቢክ፣ በጋዛ ግዛት ከባላባት ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው የሞቱት እሳቸው ገና ሕፃን ሳሉ ነው። ልጅነታቸውን ከብት በመጠበቅ ካሳለፉ በኋላ በእናታቸው ጉትጎታ ትምህርት ቤት ገቡ።

ያኔ ሞዛምቢክን የሚገዛው ፖርቹጋል ነበር። ጥቁር ልጆች ወደ መደበኛው ትምህርት ከመግባታቸው በፊት በሚሲዮኖች የሚሰጠውን የመሰናዶ ትምህርት ለዓመታት መከታተል ነበረባቸው። ሁለተኛ ደረጃ ለመግባት ደግሞ የዕድሜ ገደብ ስለነበር ብዙዎቹ እዚያ ሳይደርሱ ጊዜው ያልፍባቸው ነበር። ሞንድላኔም በስዊስ ፕሮቴስታንት ሚሲዮን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ በአገራቸው የሚቀጥሉበት አላገኙም። ግብርና ተምረው ገበሬዎችን አስተማሩ፤ እንግሊዝኛም አጠኑ። በመጨረሻ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝተው በደቡብ አፍሪካ ለማና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲገቡ ዕድሜያቸው ከሃያ ዓመት በላይ ነበር።

እንቅፋቱ በዚህ አላበቃም። በጆሃንስበርግ ዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ቢጀምሩም በ1949 የአፓርታይድ መንግሥት ከአገር አስወጣቸው። ወደ ሊዝበን ሄደው ጥቂት ከተማሩ በኋላ በ1951 አሜሪካ፣ ኦበርሊን ኮሌጅ ገቡ። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1953 ሲቀበሉ ዕድሜያቸው 33 ዓመት ገደማ ነበር። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሠሩ፣ በ1960 ዶክትሬታቸውን አገኙ፣ ከዚያም በሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ።

በ1962 በዳሬሰላም ፍሬሊሞ የተባለው የነጻነት ግንባር ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ድንበር ተሻግረው ታንዛኒያ የገቡ የሞዛምቢክ ወጣቶች ብዙ ነበሩ። የተማሩት በፖርቹጋልኛ ስለነበር በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ከሚያስተምሩት የታንዛኒያ ትምህርት ቤቶች መግባት ይቸግራቸው ነበር። ሞንድላኔና ባለቤታቸው ጃኔት በ1963 ለእነዚህ ስደተኞች የሞዛምቢክ ኢንስቲትዩትን በዳሬሰላም አቋቋሙ። ኢንስቲትዩቱን የመሩት ጃኔት ሲሆኑ ገንዘብ ፍለጋም ብዙ ደክመዋል። መጀመሪያ የረዳው የአሜሪካው ፎርድ ፋውንዴሽን ነበር። ፖርቹጋል በመቃወሟ ያ እርዳታ ሲቋረጥ ስዊድን ደግፋቸዋለች።

ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቱ ከጠብ አላመለጠም። ብዙ ተማሪዎች ከዚያ ወደ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ መሄድን ተስፋ አድርገው ነበር። ግንባሩ ደግሞ የተማረ ሁሉ ነጻ በወጡት አካባቢዎች ሕዝቡን እንዲያገለግል ጠየቀ። አለመግባባቱ ተባብሶ በ1968 ኢንስቲትዩቱ ተዘጋ፤ ከተማሪዎቹም ወደ ኬንያ የሸሹ ነበሩ። ሁለቱም ወገን የሚለው ነበረው። ብዙ ዓመት ያለ ትምህርት የቆየ ወጣት ዕድሉ እንደገና እንዳያመልጠው ይፈራል። ሞንድላኔ ደግሞ አገር ቤት ፊደል የሚያስቆጥረው ያጣውን ሕዝብ ያስባሉ። ይህ ጥያቄ ዛሬም በየስደተኛው ቤት አለ።

ሞንድላኔ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1969 በዳሬሰላም በመጽሐፍ ውስጥ ተደብቆ በተላከላቸው ቦምብ በ48 ዓመታቸው ተገደሉ። በ1970 ግንባሩ በባጋሞዮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከፈተ። ሞዛምቢክ በ1975 ነጻ ወጣች፤ በቀጣዩ ዓመትም በዋና ከተማዋ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ በእሳቸው ስም ተሰየመ።

ውድ ተማሪዎች፣ ከሞንድላኔ ሕይወት የምንማረው መዘግየት ማርፈድ እንጂ መቅረት አለመሆኑን ነው። እኛም መምህራንና ወላጆች፣ ጎልማሳ ተማሪ በራችን ላይ ሲቆም ዕድሜውን ከመጠየቃችን በፊት ትምህርቱን የት ላይ እንዳቋረጠ እንጠይቀው። ከዚያው እንዲቀጥል መርዳት የሁላችንም ኃላፊነት ነው።