ሲነበብ የሰማው ልጅ

ባለፈው ሳምንት የአማርኛ መምህራችን አንድ ታሪክ ጮክ ብለው ሲያነቡልን፣ ከኋላ የተቀመጡ ልጆች እኛ እኮ ሰባተኛ ክፍል ነን፣ ይሄ ለኬጂ ነው እያሉ ሳቁ። እኔም ትንሽ ስቄያለሁ፣ አልዋሽም። በኋላ ግን ፍሬድሪክ ዳግላስ ትዝ አለኝ። የዛሬው ባለታሪካችንም እሱ ነው።

ፍሬድሪክ እ.ኤ.አ. በ1818 በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ በምትባል ግዛት በባርነት ተወለደ። ልደቱን ሳያውቅ ነው ያደገው። እናቱ ሃሪየት ቤይሊ ሩቅ ባለ ሌላ እርሻ ላይ ስለምትሠራ ያሳደገችው አያቱ ናት። እናቱ ቀኑን ሙሉ ስትለፋ ውላ፣ ማታ ወደ 19 ኪሎ ሜትር በእግሯ ተጉዛ ትመጣና አቅፋው ትተኛለች። ጠዋት ሲነሳ ግን የለችም። ፀሐይ ሳትወጣ ሥራዋ ላይ ካልተገኘች ትገረፋለች። እሱ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ሞተች።

ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው ባልቲሞር ከተማ ወደሚኖሩ ጌቶች ተላከ። ሥራው ትንሹን ልጃቸውን መጠበቅ ነበር። የቤቱ እመቤት ሶፊያ ኦልድ ባሏ በማይኖርበት ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብ ነበር። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከዚህ ነው! ፍሬድሪክ ያንን ሲሰማ ወረቀቱ እንዴት እንደሚናገር ማወቅ ፈለገ። ሳይፈራ አስተምሪኝ አላት፤ እሷም ፊደል አስቆጠረችው። ትንንሽ ቃላት ማንበብ ሲጀምር ደስ ብሏት ለባሏ ነገረችው። ባሏ ግን በጣም ተቆጣ። ባሪያ ማንበብ ከቻለ ከዚያ በኋላ ባሪያ ሆኖ አይቀመጥም ብሎ ከለከላት። ልጁም ይህን ይሰማ ነበር። ፍሬድሪክ የነፃነት መንገዱ የትኛው እንደሆነ የገባው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲህ እመቤቲቱም ተለወጠች፤ ጋዜጣ ይዞ ካየችው ትነጥቀዋለች። እሱ ምን አደረገ? ዳቦ በኪሱ ይዞ ይወጣና መንገድ ላይ ለሚያገኛቸው ድሃ ነጭ ልጆች ይሰጣል፤ እነሱ ደግሞ ማንበብ ያሳዩታል። (እኔ ብሆን ዳቦውን የምበላው ይመስለኛል።) 12 ዓመት ገደማ ሲሆነው ጫማ ጠርጎ ባገኘው 50 ሳንቲም አንድ መጽሐፍ ገዛ። መጽሐፉ ሰው ፊት ጮክ ተብለው የሚቀርቡ ንግግሮች የተሰበሰቡበት ነው። አንድ ባሪያ ጌታውን ተከራክሮ አሳምኖ ነፃ ሲወጣም ይገኝበታል። ያንን ደጋግሞ አነበበው።

ወጣት ሲሆን ወደ እርሻ መለሱት። እዚያ እሁድ እሁድ በድብቅ ሌሎች ባሪያዎችን ማስተማር ጀመረ። ከ40 በላይ ተማሪዎች ነበሩት፤ አብዛኞቹ ትልልቅ ወንዶችና ሴቶች ናቸው። ከተያዙ ጅራፍ እንዳለ እያወቁ ይመጡ ነበር። ይሄ ለኬጂ ነው ብሎ የሳቀ የነበረ አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ1838 የመርከበኛ ልብስ ለብሶ፣ በባቡር ተሳፍሮ አመለጠ። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ በ1845 የሕይወት ታሪኩን ጻፈ፣ በ1847 ሰሜን ኮከብ የሚባል ጋዜጣ አቋቋመ፣ ባርነት እንዲቀር በየአገሩ እየዞረ ተናገረ። የሞተው በ1895 ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። በ1855 ባሳተመው ሁለተኛ መጽሐፉ ላይ ስለ እናቱ ጽፏል። በዚያ አካባቢ ከነበሩት ባሪያዎች ሁሉ ማንበብ የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች። ፍሬድሪክ ይህን የሰማው ከሞተች በኋላ ነው። እናቱ ትመጣ የነበረው ማታ ማታ፣ በጨለማ ነበር።